ባሕር ተሻግሮ የመጣ ዛፍና ተከትሎት የመጣ ጠላቱ

ከእንጅባራ ተነሥቶ በአዲስ ቅዳም በኩል ወደ ዳንግላ የተጓዘ ነጋዴ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተደርድሮ ገዥ የሚጠብቀውን የከሰል ጆንያ ሳያይ አላለፈም። ይህ ከሰል የሚወጣው የአካባቢው ሕዝብ ዲከረንስ ብሎ ከሚጠራው የግራር ወገን ነው። ዛፉ የአዊ ተወላጅ አይደለም፤ የትውልድ አገሩ በአውስትራሊያ ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኘው የኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት ነው። ወደ አዊ ገበሬ ማሳ በብዛት የገባው ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ገደማ ውስጥ ሲሆን፣ በዚህ አጭር ጊዜ በፋግታ ለኮማ፣ በባንጃና በአጎራባቾቻቸው የእርሻውን መልክ ለውጦ፣ የባሕር ዳርንና የአዲስ አበባን ምድጃ እስከ ማሞቅ ደርሷል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን በዚሁ ዛፍ ላይ የዋግ በሽታ ወድቆበታል። ለወትሮው ክረምት ከበጋ አረንጓዴ ይታይ የነበረው ጋራ በየቦታው ወደ ቡናማነት ተለውጧል። በገበሬው ዘንድ እንደ ባንክ ተቀማጭ ይቈጠር የነበረው ዛፍ ሳይደርስ ሲደርቅ፣ በቁሙ ገዝቶ ቀብድ የከፈለው ነጋዴም የኪሳራው ተካፋይ ይሆናል። አንድ እንግዳ ተክል ያን ያህል ተመችቶት ሲስፋፋ ቈይቶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዴት እንዲህ ሊጠቃ ቻለ? ለሁለቱም መልሱ አንድ ነው፤ ይህንም ለመረዳት እንግዳ ዝርያ በባዕድ አገር ሥር የሚሰድበትን ሥርዓት ማወቅ ያስፈልጋል። ነገሩ የዕፅዋት ሊቃውንት ብቻ ጉዳይ መስሎ የታየው ነጋዴ ተሳስቷል፤ እንግዳ ዝርያ በአብዛኛው የሚጓዘው በነጋዴው ጭነት ነውና።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ ከውጭ የመጣ ሁሉ ወራሪ አለመሆኑ ነው። ዛሬ የአዊ ገበያ የሚኮራበት ድንች የደቡብ አሜሪካ ተወላጅ ሲሆን፣ ወደ ኢትዮጵያ ያመጣው ሺምፐር የተባለው ጀርመናዊ የዕፅዋት አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1858 እንደ ሆነ ይነገራል። በቆሎም በርበሬም ከዚያው ከአሜሪካ ምድር የመጡ ናቸው። እነዚህ ሁሉ የሰው እጅ ካልደገፋቸው በዱር ራሳቸውን አይችሉም። ሊቃውንቱ ይህን ሲያስረዱ በግምት የአሥራት ሕግ የሚሉት አላቸው፤ ከውጭ ከመጡት አሥር ዝርያዎች አንዱ ከአጥር ያመልጣል፣ ካመለጡት አሥሩ አንዱ ራሱን ችሎ ይዋለዳል፣ ከሚዋለዱት አሥሩ ደግሞ አንዱ ወራሪ ይሆናል እንደ ማለት ነው። ቍጥሩ እንደየአገሩና እንደየፍጥረቱ ከፍና ዝቅ ይላል። ነገር ግን ከሺሕ አንዱ ያደረሰውን ጥፋት የተቀሩት ያስገኙት ጥቅም የማይሸፍንበት ጊዜ አለ።

የመጀመሪያው ደረጃ መምጣት ነው። ቅንጭ አረም የሚባለው ትውልዱ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ ነው። በአገራችን አስቀድሞ የታወቀው በድሬዳዋና በሐረርጌ ሲሆን፣ ከእርዳታ ስንዴ ጋር ተቀላቅሎ እንደ ገባ በብዙዎች ይታመናል። የአንዱ ተክል ዘር ከ15,000 የሚበልጥበት ጊዜ ስላለና ዘሩም እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነ፣ በጆንያ ስፌት፣ በመኪና ጎማ ጭቃና በከብት ጕፈር ተጣብቆ ያለ ትራንስፖርት ሒሳብ ይጓዛል። በዚህም ምክንያት በአዲስ ቦታ አስቀድሞ የሚታየው ከአውራ ጎዳና ዳር፣ ከገበያ ሜዳና ከመኪና ማቆሚያ ነው። የበቆሎ ጠላት የሆነው የአሜሪካ መጤ ተምች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 በምዕራብ አፍሪካ ታይቶ፣ በ2009 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ደቡብ ምዕራብ ደረሰ፤ እርሱስ ክንፍ ስላለው ቀሪውን መንገድ የሄደው በራሱ ነው።

አንዳንዱ በክብር እንግድነት ይመጣል። የጣና ጠላት የሆነው እምቦጭ የአማዞን ተፋሰስ ተወላጅ ሲሆን፣ አበባው ስለሚያምር ሰዎች በየኩሬያቸው ሊያኖሩት ወስደውታል። ወደ ሰሜን አሜሪካ የተዛመተው እ.ኤ.አ. በ1884 በኒው ኦርሊንስ ከተማ በተደረገው የጥጥ ንግድ ኤግዚቢሽን ለእንግዶች በስጦታ ከተሰጠ በኋላ እንደ ሆነ ይተረካል። የንግድ ኤግዚቢሽን የሚያዘጋጁ ሰዎች ይህን ታሪክ ቢያስታውሱት አይከፋም። በአፋር ምድር ግጦሹን የዋጠው ፕሮሶፒስም የመጣው በስሕተት አይደለም፤ ጥላ እንዲሆን፣ አፈርም እንዲይዝ ታስቦ በአዋሽ ሸለቆ የተተከለ ነው። ፍሬው ጣፋጭ ስለ ሆነ ከብቶች በሉት፤ ዘሩ በሆዳቸው ሳይፈጭ አልፎ ከፋንድያቸው ጋር በየሄዱበት በቀለ።

ሁለተኛው ደረጃ ቦታ ማግኘት ነው። በዚህ ረገድ ብዙ የተጻፈ ቢሆንም፣ ነገሩን ለሰፊው አንባቢ ቀድሞ ያብራራው እንግሊዛዊው ቻርልስ ኤልተን እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ ነው። እርሱ እንደ ተናገረው ብዙ ዓይነት ፍጥረት ተጠጋግቶ የሚኖርበት ነባር ማኅበር ለእንግዳ በቀላሉ በር አይከፍትም፤ ብርሃኑንም፣ ውሃውንም፣ የአፈሩንም ስብ ቀድሞ የያዘ ባለቤት አለና። በእንጅባራ አጠገብ ባለው በዘንገና ሐይቅ ዙሪያ እንዳለው ዓይነት የተዘጋ ጫካ፣ ወይም ባለሙያዎቹ ወንበርና አልጋ የሚሠሩበት የአዊ ቀርከሃ በደንብ በተያዘበት ሥፍራ፣ የቅንጭ አረም ዘር ቢወድቅ ከጥላው የተነሣ አይጠናበትም። የኋላ ተመራማሪዎች የኤልተንን ሐሳብ በአንዳንድ ቦታ አሻሽለውታል፤ ለነባሩ ለም የሆነ አፈር ለእንግዳውም ለም መሆኑን አሳይተዋልና። ዋናው ቁም ነገር ግን አልተሻረም፤ ታርሶ የተተወ መሬት፣ ከልክ በላይ የተጋጠ ሜዳ፣ አዲስ የተቈረጠ የመንገድ ዳር ሁሉ ባለቤቱ የወጣለት ቤት ነው።

የጣናም ነገር ከዚህ ጋር ይያያዛል። እምቦጭ በኢትዮጵያ አዲስ አልነበረም፤ በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ እ.ኤ.አ. በ1965 ታውቋል። በጣና ላይ የታወቀው ግን በ2004 ዓ.ም. ነው። ከደጋው እየታጠበ የሚገባው አፈርና ማዳበሪያ የሐይቁን ዳርቻ፣ ይልቁንም የሰሜን ምሥራቁን ክፍል አበልጽጎለት ስለ ጠበቀው፣ አረሙ ከገባ በኋላ የጐደለው ነገር አልነበረም። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ የሸፈነውን ስፋት እጥፍ ያደርጋል። ሰዎች በእጅም በማሽንም ቢያወጡት፣ በጭቃው ውስጥ የቀረው ዘር እስከ 20 ዓመትና ከዚያም በላይ ሳይሞት ሊቈይ ይችላል።

ሦስተኛው ምክንያት ለአዊ ነገር ቁልፉ ነው። ማንኛውም ተክል በትውልድ አገሩ የሚበሉት ነፍሳት፣ የሚያከሱት ሻጋታዎች፣ ዘሩን የሚቦረቡሩ ጥንዚዛዎች አሉት። ከነርሱ ጋር እየታገለ ስለሚኖር መጠኑን አያልፍም። ዘሩ ታጥቦና ደርቆ በከረጢት ሲላክ ግን እነዚህ ጠላቶች በኋላው ይቀራሉ፤ አዲሱ አገር ደግሞ የእርሱን ጣዕም የሚያውቅ ተባይ የለውም። በትውልድ አገሩ ለመከላከያ ያወጣው የነበረውን ኃይል እንግዲህ ለዕድገትና ለዘር ያውለዋል። ሊቃውንቱ ይህን ከጠላት ማምለጥ ይሉታል። በአጼ ምኒልክ ዘመን በ1887 ዓ.ም. ገደማ የገባው ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን የማገዶና የቤት መሥሪያ ባለጸጋ ያደረጋት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የዲከረንስም ሀብት ከዚህ የመነጨ ነው። የአዊ ደጋ ዝናብ የበዛበት፣ አፈሩም በብዙ ቦታ አሲዳማ በመሆኑ ሰብሉ እየደከመ ሄዶ ነበር። ዲከረንስ በሥሩ ላይ ከሚኖሩ ረቂቃን ፍጥረታት ጋር ተባብሮ ከአየር ናይትሮጅን ስለሚያገኝ የደከመው መሬት አላስቸገረውም። ገበሬው ችግኙን ከጤፍ ጋር በአንድ ማሳ ይተክለዋል። በመጀመሪያው ዓመት ጤፉን ይሰበስባል፤ በሚቀጥለው በዛፎቹ መካከል የሚበቅለውን ሣር ለከብቱ ያጭዳል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉን አክስሎ ወይም በቁሙ ሸጦ መሬቱን መልሶ ያርሳል። ጤፍ፣ ሣር፣ ከሰል፣ ከዚያም የታደሰ አፈር ከአንድ ማሳ የሚገኝበት እንዲህ ያለ ሥራ በደጋ እርሻ ብዙ አይገኝም። ችግኝ አፍይው፣ ቈራጩ፣ አክሳዩ፣ ጆንያ ሻጩ፣ ደላላው፣ የጭነት መኪና ባለቤቱ፣ የከተማው ቸርቻሪ ሁሉ በዚሁ ገመድ ላይ ተያይዘው እንጀራቸውን አገኙ። በብዙ አገር ደን ሲመናመን በፋግታ ለኮማ በዛፍ የተሸፈነው መሬት እየሰፋ ሄደ። ይህን ያህል መልካም ነገር የሠራን ዛፍ ወራሪ ብሎ መኰነን አግባብ አይሆንም፤ በአዊ ከማሳ ወደ ማሳ ያስፋፋው የሰው እጅ እንጂ ራሱ አይደለምና።

በሌላ አገር ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ደቡብ አፍሪካ ከ1864 ጀምሮ የዲከረንስን የቅርብ ዘመድ፣ ጥቁሩን የአውስትራሊያ ግራር፣ ቆዳ ለማልፋት ለሚያገለግለው ቅርፊቱ ስትል ተክላለች። ዲከረንስም ተከትሎ ገብቷል። ሁለቱም ከእርሻው አምልጠው በየወንዙ ዳር ተስፋፉ። ዘራቸው ልባሱ ጠንካራ ስለ ሆነ በአፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ይተኛል፤ እሳት ሲነካው ደግሞ ልባሱ ተሰንጥቆ በአንድ ጊዜ ይበቅላል። የመንግሥቱ ባለሙያዎች በችግር መካከል ወደቁ፤ ዛፉ ለቅርፊት ነጋዴው ሀብት፣ ለውሃና ለግጦሽ ባለቤቱ ጠላት ሆነ። በመጨረሻ ያገኙት መላ ብልኅነት ያለበት ነው። ከአውስትራሊያ ዛፉን የማይነካ፣ ዘሩን ብቻ የሚበላ ጥንዚዛ መርጠው አስመጡ፤ ነጋዴው እንጨቱንና ቅርፊቱን ሳያጣ ዛፉ በዱር የሚዋለድበት ኃይል እንዲቀንስ ነው።

እንግዲህ ጠላትን ትቶ ማምለጥ ለዘለዓለም አይደለም። መርከብና አይሮፕላን ተክሉን ባመጡበት መንገድ፣ ቈይተውም ቢሆን ጠላቱን ያመጡለታል። ባሕር ዛፍ በኢትዮጵያ መቶ ዓመት ያህል ያለ ብርቱ ተባይ ከኖረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በመካከለኛው ምሥራቅ የታየችው፣ ቅጠሉንና ቀንበጡን የምታሳብጥ ደቃቅ ተርብ እዚህም ደርሳበታለች። ዲከረንስን ያጠቃው ዋግ ኡሮሚክላዲየም ከሚባለው ወገን ነው፤ ይህም ወገን እንደ ዛፉ ሁሉ የአውስትራሊያ ተወላጅ ነው። ስንዴ ያመረተ ሁሉ የዋግን ጠባይ ያውቃል፤ የዚህኛውም ከዚያ ብዙ አይርቅም። በቅጠሉ፣ በቀንበጡና በግንዱ ላይ ቡናማ ዱቄትና የሚያዳልጥ ቅባት መሰል ነገር ይታያል፤ ቅጠሉ ይረግፋል፤ ዛፉ ዕድገቱን ያቆማል፤ ለጋ ችግኝ ከሆነ ይሞታል። የሻጋታው ዘር ከዱቄት የላመ ስለ ሆነ በነፋስ ይበናል፤ በልብስም፣ በመሣሪያም፣ በመኪናም፣ ከሁሉ ይልቅ ጤነኛ በሚመስል ችግኝ ላይ ተሳፍሮ ከወረዳ ወደ ወረዳ ይዘልቃል።

በደቡብ አፍሪካ የሆነው ለነጋዴ ትምህርት አለው። ይህ ዋግ በጥቁሩ ግራር ላይ እ.ኤ.አ. በ1988 ቢታይም ጕዳቱ ቀላል ስለ ነበረ ብዙ ሰው አላሰበበትም። ከ25 ዓመት በኋላ በ2013 በኃይል ተነሥቶ እርሻዎቹን መታ። ብዙ ወራሪ እንዲህ ያለ የዝምታ ዘመን ይኖረዋል፤ ቍጥሩ ጥቂት፣ የሚስማማው ዝርያ ገና ያልተወለደ፣ የሚመቸው ዓመት ገና ያልመጣ ሲሆን፣ የገባበት አገር ሰው ጕዳት የሌለው አድርጎ ይቈጥረዋል። ገበያ ላይ የሚታየው የመጨረሻው ምዕራፍ ብቻ ነው። (እዚያው ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1987 የዚህን ዋግ ዘመድ የሆነ ሌላ ዋግ፣ ሌላ ወራሪ ግራር እንዲያጠፋ ሆን ተብሎ አስመጥተው ተሳክቶላቸዋል፤ ያኛውና ይኸኛው ግን መምታታት የለባቸውም።)

በአዊ ለዋጉ ማዕድ ተዘርግቶ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። እንጅባራ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ያለች፣ ጉምና ጤዛ የሚበዛባት ናት፤ የዋግ ዘር ደግሞ ለመብቀል እርጥብ ቅጠል ይሻል። ዛፎቹ ዕድሜያቸው ተቀራራቢ፣ ዝርያቸው አንድ፣ አተካከላቸውም ጥቅጥቅ ያለ ነው። ዋንዛው፣ ብሳናው፣ ኮሶውና ወይራው ተቀላቅሎ በቆመበት ነባር ጫካ አንዱን የመታ በሽታ ሌላውን ለማግኘት ብዙ መሻገር አለበት፤ በዲከረንስ ማሳ ግን ከአንዱ ቅጠል ወደ ሚቀጥለው ዛፍ ቅጠል የአንድ ክንድ መንገድ ነው። ለአክሳዩ ምቹ ያደረገው አንድ ዓይነትነት ለበሽታውም ምቹ ሆኖ ተገኘ። የነጋዴው ሒሳብም በዚያው ልክ አንድ ዓይነት ነበር፤ ገንዘቡ ሁሉ በአንድ ዛፍ ላይ ታስሮ ነበርና።

ከዚህ በኋላ የሚነሣው ጥያቄ የንግድ ጥያቄ ነው። ዲከረንስን የሚተካ ችግኝ ከሌላ አካባቢ ወይም ከውጭ አገር አምጥቶ ለመሸጥ የሚያስብ ሰው መኖሩ አይቀርም፤ ሐሳቡም መልካም ነው። ነገር ግን በመኪና የተጫነ ችግኝ ከአፈሩና ከቅጠሉ ጋር የማይታይ ተሳፋሪ ይጭናል። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የዕፅዋት ኳራንታይን ደንብ ተክልና የተክል ውጤት ከውጭ የሚያስገባ ሰው አስቀድሞ ፈቃድ እንዲያወጣና ከላኪው አገር የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት እንዲያቀርብ ማዘዙ ስለዚህ ነው። ብዙ አስመጪዎች ይህን ወረቀት ከጉምሩክ ወረቀቶች መካከል እንደ አንዱ አድርገው ያዩታል፤ ነገር ግን ሌሎቹ ወረቀቶች የሚጠብቁት ቀረጥን ሲሆን፣ ይህኛው የሚጠብቀው የገዥዎቻቸውን ማሳ ነው።

ዓለምም ከኢትዮጵያ ነጋዴ የሚጠይቀው ከዚህ የተለየ አይደለም። ኑግ የኢትዮጵያ ተወላጅ ሲሆን፣ በአሜሪካ የሚገዙት ለቤት ወፎችና በግቢያቸው ለሚመጡ የዱር ወፎች መኖ ነው። ከዘሩ ጋር በሰው ማሳ ላይ እንደ ክር የሚጠመጠመው ጥገኛ አረምና ሌላም የአረም ዘር ተቀላቅሎ እንዳይገባባቸው፣ የአሜሪካ መንግሥት ከውጭ የሚገባ ኑግ በ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ15 ደቂቃ እንዲሞቅ ያዝዛል። ዘሩ ከዚያ በኋላ ለወፍ ይሆናል እንጂ አይበቅልም። ቡናም ሆነ ሰሊጥ ጭኖ የሚሄደው የእንጨት ፓሌት እንዲሁ ሕግ አለው፤ እንጨቱ እስከ ልቡ ድረስ በ56 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ የሞቀ፣ ወይም በጋዝ የታጠነ መሆኑን የሚያሳይ ዓለም አቀፍ ማኅተም ሊኖረው ይገባል። ሕጉ እንዲወጣ ካስገደዱት ነገሮች አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በኒው ዮርክ የተገኘውና በእንጨት ማሸጊያ ውስጥ ከእስያ የገባው፣ ጥላ ዛፎችን ከውስጥ የሚቦረቡር ረጅም ቀንዳም ጥንዚዛ ነው። ማኅተም የሌለው ፓሌት ከወደብ እንዲመለስ ወይም እንዲቃጠል ሲደረግ የመጋዘኑም፣ የመዘግየቱም ወጪ በላኪው ላይ ይወድቃል።

በዳንግላና በእንጅባራ ገበያ ግን ማኅተምም ምስክር ወረቀትም የማይጠየቅበት ንግድ ብዙ ነው፤ ችግኝ ከችግኝ ጣቢያ ወደ ማሳ፣ ጭድና ድርቆሽ ከወረዳ ወረዳ፣ ያገለገለ ጆንያ ከመጋዘን መጋዘን ይሄዳል። በዚህ ላይ ነጋዴው ያለ ብዙ ወጪ ሊያደርገው የሚችል ነገር አለ። ችግኝ ሲገዛ ግንዱንና የቅጠሉን ጀርባ በነጭ ጨርቅ ቢያብሰው፣ ቡናማ ዱቄት ከያዘ ያን ጭነት አለመቀበል ይችላል። ጆንያ እህል ካወረደ በኋላ ተገልብጦ ቢራገፍ፣ ከራገፉትም ውስጥ የወደቀው ጥራጊ ወደ ሜዳ ከሚጣል ቢቃጠል፣ የቅንጭ አረም ዘር ከመጋዘኑ ደጃፍ አይበቅልም። ከታመመ ማሳ የተመለሰ መኪና ወደ ጤነኛ ማሳ ከመግባቱ በፊት ጎማውና የጭነት ሳጥኑ በውሃ ይታጠባል፤ በእርጥበት የተጣበቀ ጭቃ ደግሞ ከደረቀ በኋላ ከማንሣት ወዲያው ማጠቡ ይቀላል።